ከምኒልክ አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የአራዳን ሐውልቶች በእግር

ምኒልክ አደባባይ ለአብዛኞቻችን የታክሲ መውረጃ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ወደ መርካቶ መታጠፊያ፣ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ደግሞ መኪና የሚዞርባቸው መገናኛዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ የሚል ሰው እንኳ ስለ ሐውልቶቹ ሲጠየቅ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል እንጂ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ አያነሣቸውም። እኔ ግን ዘመድ ከሩቅ በመጣ ቁጥር ከጊዮርጊስ ተነሥቼ በእግር እስከ ስድስት ኪሎ እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም እነዚህ አራት ሐውልቶች በቅደም ተከተል ሲታዩ የአንድ ታሪክ አራት ምዕራፎች መሆናቸው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገለጣል። የመጀመሪያው የ1888ቱን ድል ያቆማል፤ የቀሩት ሦስቱ ያ ድል በተገኘ በ40 ዓመቱ ተመልሶ የመጣው ወራሪ በከተማይቱ ላይ ያደረሰውን መከራ፣ የደረሰበትን ተቃውሞና የተሸነፈበትን ቀን ይናገራሉ። ከዚህም በላይ ሐውልቶቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ከመካከላቸው የተቀበረ አለ፣ ከቦታው ተነሥቶ ዓመታት ቆይቶ የተመለሰም አለ።

መንገዱን ከዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት መጀመር ይገባል። ሐውልቱ የቆመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ጥንት የአራዳ ገበያ ይውልበት በነበረው አካባቢ ነው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ አሁን ወዳለበት ቦታ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የከተማው ሕዝብ የሚሸምተውም፣ አዋጅ የሚሰማውም፣ የሚሟገተውም በዚህ ነበር። ሐውልቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የመቆሙ ትርጉም ለማንም የሚሰወር አይደለም። የዓድዋ ጦርነት የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል የሚውልበት ዕለት ነበር፤ ታቦቱም ከሠራዊቱ ጋር ዘምቷል። በስምንት ማዕዘን የታነጸው የዛሬው ሕንፃ የተሠራው ከዚያ ድል በኋላ ሲሆን፣ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው።

የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በዚያው የዘውድ በዓል ዋዜማ ነበር። የነደፈው ጀርመናዊው ሃርትል ስፔንግለር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውዳቸውን ደፍተውና የክብር ልብሳቸውን ለብሰው በፈረሳቸው በአባ ዳኘው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውም ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓድዋ አቅጣጫ እንደሆነ ይነገራል። አብዛኛው ሰው ከሩቅ አይቶት የሚያልፈውን አንድ ነገር ግን ከመደቡ ሥር ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ከመሬት አንሥቷል። ይህን ያህል ከባድ ነሐስ፣ ከነጋላቢው፣ በኋላ እግሮች ላይ ብቻ እንዲቆም ማድረግ በቅርጻ ቅርጽ ሙያ ውስጥ ከሚፈሩት ሥራዎች አንዱ ነው፤ የክብደቱ መካከል በትክክል ከኋላ ኮቴዎቹ በላይ ካልዋለ፣ ውስጡም በብረት ካልተደገፈ ሐውልቱ በራሱ ሸክም ወደ ፊት ይደፋል። ከሥሩ ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያየው ሰው የፈረሱ ደረት፣ የተቆለመመው አንገትና የተነሡት ኮቴዎች በላዩ ላይ ይመጡበታል። ቀራፂው እንዲሰማን የፈለገው ይህንኑ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር ይህን ሐውልት በቆመበት ሊተወው አልቻለም። ዓድዋን ያሸነፈው ንጉሥ በከተማው እምብርት በፈረስ ላይ ሆኖ እየታየ ዓድዋን ተበቅያለሁ ማለት አይቻልምና ከሮም በመጣ ትእዛዝ ተነሥቶ ተቀበረ። ነጻነት ሲመለስ ከተቀበረበት ወጥቶ በቀድሞ ቦታው ተተከለ። ይህን ታሪክ ለማያውቅ ሰው በነገርኩ ቁጥር ሐውልቱን እንደገና ዞሮ ሲያየው አስተውያለሁ፤ ያየው ከንጉሡ ምስል በላይ ሌላ ነገር ሆኖበታልና። የካቲት 23 በየዓመቱ ሕዝቡ ጋሻና ጦር ይዞ፣ ፎክሮና አቅራርቶ በዚህ አደባባይ የሚሰበሰበው ድሉን ብቻ አስቦ አይመስለኝም። ጠላት ሊቀብረው ሞክሮ ያልቻለውን ሐውልት ከቦ መቆም በራሱ የበዓሉ አካል ሆኗል።

ከአደባባዩ አጠገብ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ። የጦር አዝማቾቹ ምስሎች ያሉበት ሰፊ ግቢ ስለሆነ ለብቻው ግማሽ ቀን ሊሰጠው ይገባል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ለማካተት መሞከር ሁለቱንም ያበላሻል፤ ስለዚህ እንግዶቼን አሳያቸውና ሌላ ቀን እንመለስበታለን ብዬ ወደ አቡነ ጴጥሮስ አቀናለሁ።

አቡነ ጴጥሮስ ከምኒልክ አደባባይ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ከማዘጋጃ ቤት በስተ ምዕራብ፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከሰላሌ፣ ከፍቼ አካባቢ የተገኙት እኒህ አባት በ1921 ዓ.ም. ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጵጵስና ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ለ1,600 ዓመታት ያህል ጳጳስ ከእስክንድርያ ሲመጣላት ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ ምን ያህል ታላቅ እርምጃ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሹመቱን በተቀበሉ በሰባት ዓመታቸው፣ በሐምሌ 1928፣ አርበኞች አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው ለመግባት ሲሞክሩ አቡነ ጴጥሮስ አብረው ነበሩ። ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ተያዙ። አርበኞችን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ምድሪቱም ለወራሪው እንዳትገዛ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ። አብረዋቸው ጵጵስና የተቀበሉት አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገድለዋል፤ የእሳቸው ስም በመዲናይቱ እንደዚህ ጎልቶ አለመነሣቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሐውልቱ የቆመው በሰማዕትነታቸው አካባቢ ነው፤ ቦታው ከምስሉ ያላነሰ ክብር ያለውም ስለዚህ ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ሐውልቱ ከመደቡ ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም እንዲቆይ ሲደረግ የብዙ ሰው ልብ የተረበሸውም ለዚህ ነበር። ሐውልት ተነሣ የሚለው ወሬ በአዲስ አበባ ሰው ጆሮ ውስጥ ምን ዓይነት ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ከምኒልክ ሐውልት ታሪክ መረዳት ይቻላል። በዚያ ጊዜ በአካባቢው ባለፍኩ ቁጥር ባዶውን ሥፍራ ዓይኔ ይፈልገው ነበር፤ ሽማግሌዎችም በታክሲ ውስጥ «ይመልሱታል ወይ?» እያሉ ይጠያየቁ ነበር። በጥር 2008 ተመለሰ። ባቡሩ አሁን በዚህ አካባቢ ከመሬት በታች በተሠራ ዋሻ ያልፋል፤ አባታችንም ከላይ ቆመዋል። ለአንድ ሐውልት ሲባል የባቡር መሥመር በጥንቃቄ መሠራቱን፣ ሐውልቱም ቃል እንደተገባው መመለሱን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፤ ይህ ልማድ ሆኖ እንዲቀጥልም ከልቤ እመኛለሁ። በከተማችን ብዙ ነገር ለጊዜው ተብሎ ተነሥቶ ዘላለም ይቀራል።

ከዚህ ወደ ደቡብ በቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሰው ሌላ የሐውልት መንገድ ያገኛል። በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ተቀምጧል፤ ዋናው በጋፋት ተሠርቶ በሺህ በሚቆጠር ሰው ተጎትቶ መቅደላ የወጣውና እስከ ዛሬም እዚያው ያለው ነው። ዝቅ ሲሉ በ1977 መባቻ የተመረቀው፣ በሰሜን ኮሪያውያን የተሠራውና በሶማሌ ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የሚዘክረው ትግላችን ሐውልት ይታያል፤ ከዚያም በብሔራዊ ቴአትር ፊት ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የቀረጸው የይሁዳ አንበሳ፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ከለገሃሩ ፊት ለፊት ሮም ድረስ ተወስዶ የተመለሰው ሌላው አንበሳ አለ። ሁሉም የሚታዩ ናቸው፤ ነገር ግን የዚያ መንገድ ታሪክ ሌላ ስለሆነ ከአራዳው ጋር አልቀላቅለውም።

ስለዚህ ከአቡነ ጴጥሮስ ተመልሰን በፒያሳ በኩል፣ ደ ጎል አደባባይን አልፈን ወደ ራስ መኰንን ድልድይ እንወርዳለን። የፒያሳን የድሮ ቤቶች ለሚያውቅ ሰው ይህ የጉዞው ክፍል ልብ ይነካል፤ በ2016 በተካሄደው ፈረሳ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ ሠፈር ጠፍቷል። በሌላ በኩል የእግረኛ መንገዱ በመስፋቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው ዳገትና ቁልቁለት ከመኪና ጋር ሳይጋፉ የሚሄዱበት ሆኗል። ሁለቱንም ሳልደብቅ ለእንግዶቼ እነግራቸዋለሁ።

አራት ኪሎ ሲደርሱ መካከል ላይ የቆመው ዓምድ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት ነው። ቀኑ ሁለት ጊዜ የታሪክ ቀን ሆኗል። በ1928 ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር ከተማይቱን ያዘ፤ ልክ በአምስተኛው ዓመት በ1933፣ በዚያው ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የቀኑ መገጣጠም በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም። ጃንሆይ በጥር 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በጎጃም በኩል ሲመጡ፣ በደቡብ በኩል የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ቀድሞ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ እሳቸው የገቡት ግን አንድ ወር ያህል ቆይተው፣ ውርደቱ በደረሰበት ቀን ነው። በዚያ ዕለት ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በእጁ የወደቀውን ጣሊያናዊ እንዳይበቀል አደራ ብለዋል። ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ የሆነውን ጭፍጨፋ ለሚያስታውስ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ከባድ አደራ እንደነበር ስድስት ኪሎ ሲደርሱ ይበልጥ ይገባል።

የቀኑ ታሪክ በዚህ አላበቃም። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የድሉ በዓል ከንጉሡ መግቢያ ጋር መያያዙን ስላልወደደው በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ከ1983 በኋላ ሚያዝያ 27 ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐውልቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ የተነቃነቀው የሚዘክረው ቀን ነው። በየዓመቱ የአርበኞች ማኅበር አባላት የጀግና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳሊያቸውን በደረታቸው ደርድረው ጉንጉን አበባ የሚያኖሩት በዚህ ዓምድ ሥር ነው። እነዚያ አባቶችና እናቶች አሁን በጣም ጥቂት ሆነዋል፤ ብዙዎቹን ዛሬ የሚወክሏቸው ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

አራት ኪሎ ያለ ጋዜጣ አይታሰብም። ሰው በየጥጉ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብበት፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ቅርብ የሆነበት፣ ፓርላማው የሚታይበት ቦታ በመሆኑ የድሉ ሐውልት ሁልጊዜ በሚከራከር ሕዝብ መካከል ቆሞ ኖሯል። ዓምዱን ለማየት የሚመቸው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ረፋድ ላይ መኪናው ስለሚበዛ ወደ መካከል መሻገር ያስቸግራል።

ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ ያለውን የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሳያዩ ማለፍ ትልቅ ነገር ያስቀራል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሥዕል እንጂ ቅርጽ የተለመደ ስላልሆነ፣ በሕንፃው ፊት ላይ የቆሙት የአራቱ ወንጌላውያን የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስና የዮሐንስ ሐውልቶች ለተመልካች ያልተጠበቁ ናቸው። በግቢው ውስጥ የአርበኞች መቃብር አለ፤ ለኢትዮጵያ ነጻነት በብዕሯ የታገለችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስትም ያረፈችው እዚሁ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ የረሸናቸው ባለ ሥልጣናት መታሰቢያም በዚሁ ግቢ ይገኛል። ከፋሺስት ጋር በዱር በገደል የተዋጉ ሰዎች ከእነዚያ ሟቾች መካከል ነበሩ። አንድ ግቢ ውስጥ ጠላት የገደላቸውና ወገን የገደላቸው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ እዚህ ስደርስ ለእንግዶቼ ብዙ ማብራሪያ አልሰጥም፤ ስሞቹን ራሳቸው እንዲያነቡ እተዋቸዋለሁ።

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ዳገት ነው። አምስት ኪሎ ላይ አቡነ ጴጥሮስን ለሦስት ዓመት ያህል ያስጠለለው ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በዚሁ መንገድ፣ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ከዛፎች መካከል ከቀይ ድንጋይ የተጠረበ ትልቅ የካርል ማርክስ ራስ አለ፤ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ የዮ ያስትራም ሥራ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የሌኒን ሐውልት ከአዲስ አበባ ወደቀ፤ ማርክስ ግን ቀረ። በቅርጻ ቅርጽነቱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግንባሩና ጢሙ ከአንድ ድንጋይ የፈለቁ ሆነው በጥቂት መሥመር ተገልጠዋል። ነገር ግን ከዚህ መንገድ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስለሌለ ብዙ አልቆይበትም።

ብዙ የምቆየው ስድስት ኪሎ ላይ ነው። የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት 28 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ዓምድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የቆመና የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ነው። አውጉስቲንቺች በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ የቆመችውን፣ በፈረስ ላይ ሆና ሰላምን የምትወክለውን ሴት የቀረጸ ሰው ነው። በሐረር የነበረው የራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልትም የእሱ ነበር፤ ያ ሥራ በሰኔ 2012 በተነሣው ሁከት ወድቋል። የዓድዋ ጀግና የነበሩት የራስ መኰንን ሐውልት በራሳችን እጅ መውደቁን ሳስብ፣ የስድስት ኪሎውን የበለጠ በጥንቃቄ ልናየው እንደሚገባ ይሰማኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ያድል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ኤርትራውያን ወጣቶች የእጅ ቦምብ ወረወሩበት፤ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ቀን የፋሺስት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች በከተማው ላይ ተለቀቁ። ሰው በጥይት፣ በአካፋና በዶማ ተገደለ፤ የሣር ክዳን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ተቃጠሉ። በኢትዮጵያ በኩል የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። በሁለቱ ወጣቶች ስም ጥላ ሥር የሚረሳ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ስምዖን አደፍርስ ይባላል። ከከተማው በመኪና እንዲያመልጡ የረዳቸው እሱ ሲሆን፣ በጠላት እጅ ወድቆ ተሠቃይቶ ሞቷል። ሦስቱንም አንድ ላይ ማንሣት ይገባል።

ሐውልቱን ከመኪና መስኮት ያየ ሰው ዓምዱን ብቻ ነው ያየው። ነገሩ ያለው በታች፣ ዙሪያውን በነሐስ በተቀረጹት ምስሎች ላይ ነው። ጠጋ ሲሉ መሣሪያ የያዙ ወታደሮች፣ በላይ በላዩ የወደቁ ሬሳዎች፣ ሙታናቸውን የሚያለቅሱ ሰዎች ይታያሉ። ቀራፂዎቹ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት በፋሺስት ወረራ ካለፈች አገር የመጡ ናቸው፤ እኔ እንደማምነው የወደቁትን ሰዎች እጅና ፊት እንዲህ አድርገው ሊቀርጹ የቻሉት በዚያ ምክንያት ነው። የሰው አካል ሕይወት ሲለየው እንዴት እንደሚላላ፣ እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ራስ ወደ የት እንደሚያዘነብል አጥንተውታል። አንድ ጊዜ ከዋሽንግተን የመጣ የአክስቴ ልጅ ከልጁ ጋር አብሮን ነበር። ልጁ በጥንቃቄ እየዞረ ካየ በኋላ «አባዬ፣ እነዚህ ወታደር አይደሉም አይደል?» ብሎ ጠየቀ። አባቱ «አይደሉም፤ የሠፈር ሰዎች ናቸው» አለው። ስለ የካቲት 12 ከዚህ የተሻለ ማስረዳት ያለ አይመስለኝም። የወደቁት በጦር ሜዳ ያልነበሩ፣ በየቤታቸው ደጃፍ የተያዙ ሰዎች ናቸው።

ስለ እነዚህ ምስሎች አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ሐውልቶቻችን የማን መታሰቢያ እንደሆኑ እናውቃለን፤ የማን እጅ ሥራ እንደሆኑ ግን ለትምህርት ቤት ልጆች እንኳ አንነግርም። አስተማሪዎች ተማሪ ይዘው ሲመጡ ከዓምዱ ፊት ፎቶ አንሥተው ይመለሳሉ። ልጆቹ ዙሪያውን እንዲዞሩ፣ እያንዳንዱን ምስል ቆመው እንዲያዩ፣ የቀራፂዎቹንም ስም እንዲያውቁ ቢደረግ አንድ ክፍለ ጊዜ የማይሰጠውን ትምህርት ይሰጣቸዋል። ነሐሱ ላይ መውጣትና መደገፍንም መከልከል ያስፈልጋል፤ ምስሎቹ በሰው ቁመት ላይ ስለሆኑ ለእጅ ቅርብ ናቸው።

መንገዱ የሚያበቃው ከአደባባዩ ተሻግሮ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ነው። ቦምቡ የተጣለበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ብዙ ባለ ሥልጣናት ከተገደሉበት በኋላ ሕንፃውን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ። በሕንፃው ፊት ወደ የትም የማያደርስ፣ ወደ ላይ የሚጠመዘዝ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ያቆሙት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይወክላል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ደረጃ ይጨመርበታል ብለው አስበው ነበር። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከአዲስ አበባ ሐውልቶች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከማፍረስም ከመቅበርም የተሻለ መልስ ነው፤ የጠላት ቁጥር የት ላይ እንደቆመ ማንም ቆጥሮ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ወደ ግቢው ለመግባት በር ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ደረጃውም ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ፊት ለፊት ስለሆነ ለማግኘት አያስቸግርም። ጉዞውን በሙሉ በአንድ ጠዋት መጨረስ ይቻላል፤ ሥላሴ ግቢ ውስጥ ረዘም ያለ ጊዜ ለሚፈልግ ግን ከፒያሳ ማለዳ መነሣት ይሻላል። በየካቲት 12፣ በየካቲት 23ና በሚያዝያ 27 የሚሄድ ሰው ሐውልቶቹን ከነሕዝባቸው ያያል፤ ምስሎቹን ቀርቦ ማየት የሚፈልግ ደግሞ መኪና የሚቀንስበትን የእሑድ ጠዋት ይምረጥ።